የአባ ዳማ ኢማና

ፈረስ አልወድም። ይህን አስቀድሜ ካልተናገርኩ ከዚህ በታች የማወራውን ሁሉ ከፍቅር ያደረግነው ይመስላል። ከፍቅር አልነበረም። ከአንድ ቃል ነው የመጣው።

የማወራው ስለ ረጋሳ ነው። በደርግ ዘመን አምቦ ውስጥ ጋሪ የተሳፈረ ሁሉ ያውቀዋል፤ በስሙ የሚጠራው ግን አልነበረም። በፈረሱ በዳማ ስም «አባ ዳማ» ነበር የሚባለው። በፈረስ ስም መጠራት የባላባትና የጦር አለቃ ወግ መሆኑን የሰማ አንድ የቀበሌ ካድሬ «ይህ የፊውዳል ርዝራዥ ነው፤ ጓድ ረጋሳ በሉት» ብሎ በስብሰባ ላይ አዘዘ። ሰዉም አጨበጨበ። በነጋታው ካድሬው ራሱ ሻንጣውን ከመናኸሪያ ለማስመጣት ፈልጎ «እባካችሁ አባ ዳማን ጥሩልኝ» አለ።

ረጋሳ የጉደር ልጅ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ የአንድ ባለመሬት ፈረሶች ጠባቂ ነበር። መሬት ላራሹ ሲታወጅ ጌትዮው ሸሸ፤ በሸሸበትም ሞተ አሉ። ገበሬ ማኅበሩ በሬውንም ላሙንም ተከፋፈለ። አንድ ዳማ ውርንጭላ ግን ፈላጊ አጣ። አያርስ፣ አይታለብ፣ ምን ይሁን ብለው ይቀልቡታል? ጌታው የሞተበት እንስሳ ሆኖ ሜዳ ላይ ቀረ። ብዙም ሳይቆይ ጅብ ደረሰበትና ታፋውን ዘነጠለው። ረጋሳ ጠዋት ሄዶ ሲያየው ቆሞ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቁስሉን አጥቦ፣ አስሮ፣ እየጎተተ አምቦ ድረስ አመጣው። ጠባሳው እስከ መጨረሻው አልጠፋም፤ ጠጉር ሳያበቅል እንደ ቡና ስኒ አፍ ክብ ሆኖ ቀረ።

ዳማ ሲያድግ ረጋሳ ጋሪ አበጀለት። ሚስት አግብቶ ነበር፤ ልጅ ሳይወልዱ ሞተችበት። ከዚያ በኋላ በዚያች የቀበሌ ቤት ውስጥ የቀሩት እሱና ፈረሱ ብቻ ናቸው። የሱ አልጋ በዚህ ጥግ፣ የዳማ ግርግም በዚያ ጥግ፤ መካከላቸው የጆንያ መጋረጃ። እንዲህ ሲኖሩ አይቼ «አባ ዳማ፣ ሰው አግባ እንጂ» ስለው «ሀዳ መርየም፣ ማን ሴት በፈረስ ላይ ትገባለች?» ብሎ ይስቃል። የመርየም እናት ማለቱ ነው፤ የበኩር ልጄ መርየም ናት። የኔ ስም ቀድሪያ ነው።

ሱቃችን ከመናኸሪያው ብዙም አይርቅም። ጨው፣ ሳሙና፣ ኩራዝ፣ ከጓዳ ደግሞ ፉርሽካ እንሸጣለን። ባለቤቴ ፈዲሉ ከስልጤ አገር የመጣ ነጋዴ ነው፤ እኔንም ያመጣኝ ከዚያው ነው። ፉርሽካ ያለበት ቤት ባለ ጋሪ አይጠፋም፤ ከባለ ጋሪዎቹ ሁሉ ግን ፈዲሉ የወደደው ረጋሳን ነበር። ከመርካቶ የሚመጣ ዕቃችንን የሚያወርድልን እሱ ነው። ሁለቱ ደጃችን ላይ ጎን ለጎን ቁጭ ብለው ምንም ሳይነጋገሩ ይውሉ ነበር። ወንዶች ይህን ወዳጅነት ይሉታል።

እኔና ዳማ ግን ገና ከመጀመሪያው ተጣላን። ፈዲሉ ለአረፋ ያመጣልኝን አዲስ ሻሽ አጥቤ ደጅ ባሰጣው ዘንጥሎ በላው። የቀረውን ቁራጭ ከጥርሱ መካከል ስጎትት እያየኝ ያላምጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ሹኩሪያን ስወልድ ምጥ ጠናብኝ። ቤንዚን በኩፖን የሆነበት ጊዜ ነው፤ መኪና አልተገኘም። ረጋሳ ጋሪውን በድርቆሽ ሞልቶ አሳፈረኝና ራሱ ወርዶ ልጓም ይዞ ከፊት ከፊት ሄደ። ዳማ አንድ ድንጋይ ሳይረግጥ ሐኪም ቤት አደረሰኝ። ልጄም ዳነች፣ እኔም ዳንኩ። ውለታውን ለሰውየው ቆጠርኩለት። ለፈረሱ ግን ሻሼን ይዤበት ነበርና አልቆጠርኩለትም።

አሁን የባለ ጋሪዎቹን አንድ አነጋገር ልንገራችሁ። የጋሪ ፈረስ ሲያረጅ፣ ጉልበቱ ሲከዳው፣ ቀለቡ ከሥራው ሲበልጥ ባለቤቱ አመሻሽ ላይ ሁሉቃ ወንዝ ማዶ ይወስደዋል። እዚያ ልጓሙን ያወልቅለትና ዞር ብሎ ሳያይ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የቀረውን ጅብ ይጨርሳል። በማግስቱ «ፈረስህ የት ገባ?» ሲሉት «ልጓም አወለቅኩለት» ይላል። ሌላ ቃል አይጨምርም፤ የሚጠይቀውም የለም። ክፉዎች ሆነው አይደለም፤ ልጆቻቸውን የሚያበሉት ያጡ ሰዎች ነበሩ። ረጋሳ ግን ይህን አነጋገር በሰማ ቁጥር ተነሥቶ ይሄድ ነበር።

ዳማ ሲያረጅ ረጋሳም ታመመ። እግሩ ያብጥ፣ ትንፋሽ ያጥረው ጀመር። ሰፈራችን ውስጥ ተሻለ የሚባል ድሬሰር ነበር፤ የታመመ ቤት «ተሻለ መጣ» ሲባል ግማሹ ሕመም በስሙ ይቀላል እያልን የምንቀልድበት ደግ ሰው። አገሩ ወደ ደብረ ሲና ነው። አምቦ ብዙ ዘመን ኖሮ ኦሮምኛው ከሰላምታው፣ ከ«አካም» እና ከ«ፈያ» አላለፈም፤ በሽተኛው ሁሉ ባማርኛ ስለሚያናግረው አልቸገረውም። እሱ ነው ለረጋሳ ልቡ እንደ ደከመ የነገረው። ረጋሳ «ስንት ጊዜ ይቀረኛል?» አላለም። «ፈረሱስ ስንት ጊዜ ይኖራል?» ብሎ ጠየቀ። ተሻለ ስለ ፈረስ አያውቅም። ሌሎቹ ባለ ጋሪዎች ግን ያውቁ ነበር፤ ካልተጫነ ገና ብዙ ዓመት ይቆያል አሉት።

ያን ጊዜ ጭንቀቱ ጀመረ። አንድ እሑድ በእድራችን ስብሰባ ላይ ብድግ ብሎ እንዲህ አለ፤ «እኔ ስሞት ድንኳን አትትከሉልኝ። ንፍሮም አትቀቅሉልኝ። ቁጭ ብላችሁም አትልቀሱልኝ። ዳማን ግን ለጅብ አትስጡብኝ።»

ሰዉ ሳቀ። የእድሩ ዳኛ ኦቦ ሌታ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን እሱም ሳቀ። «አባ ዳማ፣ እድር ሰው ይቀብራል እንጂ ፈረስ ይቀልባል እንዴ?» አለው። አንዱ ደግሞ ከኋላ «የፈረስ እድር እናቋቁማ!» ብሎ ጨመረበት። ረጋሳ ኮፍያውን አድርጎ ተቀመጠ። ፈዲሉ ይህን ቤት መጥቶ ሲነግረኝ በሰው ጭንቀት የሚስቅ ጥርሱ ይርገፍ አልኩ። ፈረስ አልወድም እንጂ ሰው ሲጨነቅ አይቼ አልስቅም።

ያን ዕለት ፈዲሉ «እኛ ብንወስደውስ?» አለኝ።

«ሳይጠይቀን?» አልኩት። «ሄደህ ፈረስህን እኔ እወስደዋለሁ ብትለው፣ መሞትህን እየጠበቅኩ ነው ማለት አይሆንም?»

እውነቴን ነበር። በኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የሚጀምረው አደራ ሰጪው ነው፤ ተቀባዩ አይደለም። በቁሙ ያለ ሰው ፈረስ አይለመንም። ፈዲሉም ነገሩን ተወው። ረጋሳ ደግሞ በበኩሉ ግቢያችን ጠባብ መሆኑን ያያል፣ የሻሼንም ነገር አልረሳም። እየመጣ ደጃችን ላይ ይቀመጣል፤ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ይከፍታል፤ ከዚያ ስለ ዝናቡ አውርቶ ይሄዳል። አንዱ ሳይለምን አንዱ ሳይሰጥ ክረምቱ አልፎ በጋው ገባ።

በጥር ፈዲሉ ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ሄደ፤ ቤንዚን ጠፍቶ እዚያው ከረመ። ረጋሳ የወደቀው ያን ጊዜ ነው። አጠገቡ የነበሩት ድሬሰሩ ተሻለና ውሃ ታጠጣው የነበረች ጎረቤቱ ብርቅነሽ ናቸው። ሰው ነፍሱ ልትወጣ ስትል ወደ እናቱ ቋንቋ ይመለሳል። ረጋሳም ዕድሜውን ሙሉ ከተሻለ ጋር ያወራበትን አማርኛ ትቶ በኦሮምኛ ጥቂት ቃል ተናገረና አረፈ።

ቀብሩ በወጉ ተፈጸመ። ድንኳን አትትከሉ ቢልም ድንኳኑ ተተከለ። ባላገር ዘመዶቹ መጥተው ነበርና በአገሩ ልማድ የሟች ፈረስ ለቅሶው መካከል ይመራ አሉ። ዳማ ከጋሪ ዕቃ በቀር ለብሶ አያውቅም፤ ኮርቻ ተውሰው ጫኑት፣ የረጋሳንም ኮት በኮርቻው ላይ ጣሉበት። በአልቃሹ መካከል እያዞሩት ሳለ ዳማ ኮቱን ለማሽተት አንገቱን ወደ ኋላ ጠመዘዘ። ደጋግሞ ጠመዘዘ። ያን ያየ ሁሉ እንደ አዲስ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ።

ፈዲሉ የደረሰው ከቀብር በኋላ ሰዉ ገና ድንኳን ውስጥ እንዳለ ነው። የመንገድ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ ገብቶ ተቀመጠ። ኦቦ ሌታ የሟችን ነገር አነሣ። ቤቱ የቀበሌ ነው፤ ለቀበሌ ይመለሳል። የቀሩት ጋሪውና ፈረሱ ናቸው። ወራሽ የተባለው የወንድሙ ልጅ ዓብዲሳ ከጊንጪ በላይ ካለው ከጎጆ አገር መጥቶ እዚያው ተቀምጧል። «ሟች የተናገረው ነገር አለ?» ብሎ ኦቦ ሌታ ጠየቀ።

ተሻለ ተነሣ። «አጠገቡ ነበርኩ። ፈርዳ አለ፤ ፈርዳ ፈረስ መሆኑን አውቃለሁ። ከዚያ ‹እማኜ ፈዲሉ› አለ። ደግሞም አለው፤ እማኜ ፈዲሉ።»

ሁሉም ወደ ፈዲሉ ዞረ። ፈዲሉ ግራ ገባው። «በምን እማኝ እንዳደረገኝ አላውቅም» አለ።

«ስለ ፈረሱ የምታውቀውን ተናገር ማለቱ ይሆናላ» አለው ኦቦ ሌታ። «የሰማኸውን ብቻ።»

ባለቤቴ ውሸት ሲናገር ሰምቼው አላውቅም፤ ለንግዱም የበጀው ይኸው ነው። ገበያ ላይ ጠብ ሲነሣ «ፈዲሉን ጥሩት» ይባል ነበር። ጥቂት አሰበና ተናገረ። «በጥቅምት ዓብዲሳ ድንች ይዞ መጥቶ ነበር። ረጋሳ ሱቄ በር ላይ አቁሞት፣ ‹ይህ የወንድሜ ልጅ ነው፤ ያለኝ ሁሉ የእሱ ነው› አለኝ። ወላሂ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ያለኝ ሁሉ የእሱ ነው የሚለው እኮ ማንም አጎት የወንድሙን ልጅ ለሰው ሲያስተዋውቅ የሚለው ነው። ፈዲሉም ያውቃል። ግን እማኝ የሰማውን እንጂ የመሰለውን አይናገርም። በዚያ ቃል ፈረሱ ለዓብዲሳ ተፈረደ። ፈዲሉ ማታ ሲነግረኝ፣ ነገሩ ከኛ ራስ ወርዷል ብዬ እኔም በልቤ አመሰገንኩ።

ዓብዲሳ ዳማን ይዞ ሲሄድ በደጃችን አለፈ። ፈረሱ እንደ ልማዱ ሱቁ በር ላይ ቆመ፤ ቢጎትተውም አልነቃነቅ አለ። ከጓዳ አንድ እፍኝ ፉርሽካ አምጥቼ አበላሁት፤ ደግነት አይደለም፣ እንዲሄድልኝ ነው። ከዚያ ሄደ።

ሁዳዴ እንደገባ ብርቅነሽ ጨው ልትገዛ መጣች። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ ስለ ልጆች ጠያየቀችኝ፤ ከዚያ እንደ ዋዛ «ሀዳ መርየም፣ ኢማና ሰና ማል ጎታን?» አለችኝ። ያንን ኢማና ምን አደረጋችሁት ማለቷ ነው።

«የምን ኢማና?»

«የአባ ዳማን ነዋ። ‹ፈርዳ ኮ፣ ኢማና፣ ፈዲሉ› እያለ አይደል የሞተው? ወንዶቹ ሲነጋገሩ እኔ ከሴቶቹ ጋር ሌላ ድንኳን ነበርኩ። ዓብዲሳ ሲወስደው አይቼ፣ ሣር እንዲያገኝ ጎጆ ልካችሁት ነው ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ጨው የምሰፍርበት እጄ ቆመ። ኢማና። እማኜ። ሁለቱን በአፌ ደጋግሜ አልኳቸው። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ቢናገራቸው፣ ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ቢሰማቸው፣ በመካከላቸው ምን አለ? ተሻለ «ምስክሬ ፈዲሉ ነው» አድርጎ የሰማው፣ ሟቹ «ፈረሴ አደራ ነው፣ ለፈዲሉ» ያለውን ነው። እነሱ ኢማና ይላሉ፣ እኛ እስላሞቹ አማና እንላለን፣ የተሻለ አገር ሰው አደራ ይላል፤ አንድ ነገር ነው። በኛ በኩል ደግሞ አማና በቂያማ፣ በፍርዱ ቀን፣ ተነሥቶ የሚጠይቅ ነገር ነው።

ፈዲሉ ከመስጊድ ሲመለስ ጨው የያዘ እጄን ሳልታጠብ ነገርኩት። ፉርሽካው ጆንያ ላይ ተቀመጠ። «በአማናዬ ላይ መሰከርኩ» አለ። «በገዛ አፌ ለሌላ ሰጠሁት።» ከዚያ አለቀሰ። ሲያለቅስ ያየሁት እናቱ የሞተች ጊዜ ብቻ ነበር።

«ሄደህ አምጣው» አልኩት።

«የምስክርነት ቃሌን ባጥፍ ነገ ገበያ ላይ ማን ያምነኛል?»

«አማና ብትበላስ ማን ያምንሃል?»

ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው የሚሻለው ብዬ በማግስቱ አብሬው ተነሣሁ። ብቻውን ቢሄድ አፍሮ ከመንገድ ይመለሳል ብዬ ነው። እስከ ጊንጪ በመኪና ሄድን፤ ከዚያ ወደ ላይ ድንች ሊጭን የሚወጣ መኪና ላይ ተንጠለጠልን። ጎጆ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። መንደሩ ዳር ስንደርስ ጭጋጉ መሀል አንድ ፈረስ ሁለት ጆንያ ድንች ተጭኖ ቁልቁለቱን በጉልበቱ እየተንሸራተተ ሲወርድ አየን። መጀመሪያ አላወቅኩትም። ያወቅኩት በታፋው ጠባሳ ነው። ጆንያው ሲነሣለት ጀርባው ከጫፍ እስከ ጫፍ ገጥቦ ነበር።

ያን ጊዜ ነው ሻሼን የረሳሁት።

ዓብዲሳ ጨካኝ ሰው አልነበረም። አምስት ልጆች አሉት፤ ማሳው ዳገት ላይ ነው፤ አንድ እንስሳ ሲያገኝ ጫነው፣ ሌላ ምን ያድርግ? ፈዲሉ ነገሩን ሲነግረው «ጋሼ ፈዲሉ፣ ፈረሱን የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። ያውም በወላሂ» አለው።

ሽማግሌዎች ገበያው ዳር ባለው ጥድ ሥር ተቀመጡ። ፈዲሉ በማያውቁት ሰዎች ፊት ቆመ። «የመሰከርኩት እውነት ነው» አለ። «የተጠየቅኩት ግን ስሕተት ነው። ሟቹ እማኝ አላደረገኝም፤ ኢማና ነው የሰጠኝ። ሳላውቅ አሳልፌ ሰጠሁት። ቃሌን አጥፌአለሁ፤ ንቀቱን እኔ ልሸከመው።» ከሁሉም በዕድሜ የገፉት ሽማግሌ ኢማና የሚለውን ሲሰሙ ዱላቸውን መሬት ላይ አኖሩ። «ውርስ የሰው ነው፤ ኢማና የፈጣሪ ነው» አሉ። «ፈረሱ ይመለስ። ይህ ልጅ ግን በእማኝ ቃል ተማምኖ ኑሮውን ቀይሷል። ቃሉን ያጠፈ ሰው ይካሰው።»

ካሣው የኛ አህያ ሆነች። የኛ ልበል እንጂ የኔ ነበረች፤ ፍልጥ የማስጭናት፣ ውሃ የማስጭናት። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላሉ፤ የኔም ባል አህያዬን ከሽማግሌ አላስጣላትም። ዓብዲሳ በኋላ ራሱ አምቦ ወርዶ ወሰዳት። ሲሄድ የዳማን አንገት ዳሰሰና «አጎቴን ይቅር በለኝ በሉልኝ» አለ፤ ለማን እንደምንል እኔንጃ።

ከጎጆ ዳማን እየመራን በእግራችን ወረድን። እግሬ ሲያብጥ «እባክህ ልቀመጥበት» ብዬ ፈዲሉን ለመንኩት፤ ያን ገጣባ ጀርባ እያየሁ መለመኔ አሁን ሳስበው ይገርመኛል። «በአማና ላይ አይጋለብም» አለኝ።

ፈዲሉ የፈራው አልቀረም። ወሬው ከኛ ቀድሞ አምቦ ገባ። ከዚያ በኋላ ገበያ ላይ ጠብ ሲነሣ «ፈዲሉን ጥሩት» የሚል ጠፋ። «ተዉት፣ ነገ ጎጆ ሄዶ ያጥፈዋል» ይሉ ነበር፤ የከተማው ተረት ሆነ። ስቆ ያሳልፈዋል፤ እኔ ግን ማታ ማታ ምግቡን ሲገፋ አየዋለሁ። ዕድሜውን ሙሉ የገነባው ስሙን ነበር። ለዚያ ፈረስ የከፈለው እሱን ነው።

ተሻለ መጥቶ ደጃችን ላይ ቆመ። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። ፈዲሉ «የአንተ አይደለም፤ የጆሮህ ነው» ብሎ አስቀመጠው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተሻለ ከክሊኒክ ሲወጣ እየመጣ የዳማን ገጣባ በጨው ውሃ ያጥብለት ነበር፤ ጠጉር እስኪያበቅልለት። በዚያው ሰሞን ከብርቅነሽ ዘንድ ኦሮምኛ መማር ጀመረ። በጎልማሳነቱ እንደ ሕፃን ልጅ ውሃ ቢሻን፣ እሳት እቢዳ እያለ ሲያጠና ሰፈሩ ሁሉ ይስቅ ነበር። እሱ ግን አልተወውም።

ዳማ ከገጣባው ሲድን አንድ አመል አወጣ። ጠዋት በር ሲከፈት ይወጣና ብቻውን መናኸሪያ ይሄዳል። ባለ ጋሪዎቹ የሚሰለፉበት ቦታ ደርሶ ከመጨረሻው ጋሪ ኋላ ይቆማል። ጋሪ የለው፣ ነጂ የለው። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ እሱም ይንቀሳቀሳል። ተራው ሲደርስ ባለ ጋሪዎቹ «አባ ዳማ፣ ተራህ ነው» ይሉታል፤ ጥቂት ይቆምና ዞሮ ከኋላ ይሰለፋል። አልሳቁበትም። እነዚያ «ልጓም አወለቅኩለት» የሚሉ ሰዎች ናቸው ተራውን ሳይወስዱበት የጠበቁለት። ማታ ፈዲሉ ሄዶ በልጓሙ ይዞ ያመጣዋል። ሁለቱ ደጅ ላይ ጎን ለጎን ምንም ሳይነጋገሩ ያመሻሉ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፈዲሉም አልጋ ያዘ። ጉበት ነው አሉ። የሚሞት መሆኑን ሲያውቅ ኦቦ ሌታንና ተሻለን አስጠራና እኔንም አጠገቡ አስቀመጠኝ። ደክሞት ነበር፤ ቃሉን ግን አንድ በአንድ እየለየ ተናገረ። «ሌታ፣ ዳማ ኢማና ነው። ተሻለ፣ ዳማ አደራ ነው። ቀድሪያ፣ ዳማ አማና ነው።» ከዚያ ወደ ተሻለ ዞሮ «አሁንስ ሰማኸኝ?» አለው። ተሻለ ሦስቱንም ቃል ደገመለት። ባለቤቴ ያረፈው በዚያው ሳምንት ነው።

ፈረስ አልወድም ብዬ ነበር። ባሌን ቀብሬ ተመልሼ ግቢ ስገባ በሩ ላይ ቆሞ የጠበቀኝ ዳማ ነው። አንገቱን አቅፌ አለቀስኩ። ሌላ የማቅፈው ትልቅ ሰው አልነበረኝም።

ዳማ የሞተው በግንቦት ሰማንያ ሦስት ነው። ወታደሩ መሣሪያውን እየጣለ በአውራ ጎዳናው ይተም ነበር፤ ተኩሱ ከየአቅጣጫው ይሰማል፤ ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ ተቀምጧል። ዳማ ጠዋት አልተነሣም። ቀትር ላይ ትንፋሹ ቆመ። ልጆቼ «እማ፣ ዛሬ ማን ይወጣል? ሁሉቃ ዳር ይጣል፣ አላህ ያውቃል» አሉኝ። እኔ ግን ስለ ማታው አሰብኩ። በዚያ ሰሞን ጅብ ከከተማ አይወጣም ነበር። አካፋ ይዤ ግቢው ጥግ መቆፈር ጀመርኩ። ያንን የሚያህል ፈረስ የሚያስገባ ጉድጓድ በአንዲት ሴት ክንድ አይቆፈርም፤ አውቀዋለሁ፤ ግን ሌላ ክንድ አልነበረኝም።

በሩ ተንኳኳ። ተሻለ ነው፤ ከልጆቼ አንዷ በአጥር ነግራው። ከኋላው ኦቦ ሌታ፣ አረጁ ብለን የተውናቸው ሽማግሌ፣ ከእሳቸው ኋላ ሦስት ባለ ጋሪዎች፤ የእድሩን ዶማና አካፋ ተሸክመው በዚያ ተኩስ መሀል አጥር ለአጥር መጥተዋል።

ኦቦ ሌታ ኮታቸውን አውልቀው አጥሩ ላይ ሰቀሉ። «እድር ፈረስ አይቀልብም ብዬ ነበር» አሉ። «መቅበር ግን ሥራችን ነው።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ጉድጓዱ አለቀ። በገመድ ጎትተው ሲያወርዱት ጠባሳው ወደ ላይ ነበር፤ የጅብ ጥርስ ያረፈበት ያች ክብ ቦታ። አፈር ሊያለብሱት ሲሉ ቆዩ አልኳቸውና ወርጄ ተንበረከክኩ። ረጋሳ ዕድሜውን ሙሉ «ልጓም አወለቅኩለት» ከሚለው ቃል ሲሸሽ ኖሯል። ፈዲሉም ስሙን የከፈለው ያ ቃል ዳማ ላይ እንዳይደርስ ነው። የዳማን ልጓም ያወለቅኩለት እኔ ነኝ፤ በጉድጓዱ ውስጥ፣ አፈር በተዘጋጀለት ቦታ። ተሻለ እማኜ ነው።